«ሲያጌጡ ይመላለጡ»፦ የዲትሮይት የመኪና ትርኢት በዕዳ ዘመን

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ስትሉ አንብቧት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ፈቃዱን ጠይቄ ነው የማወራላችሁ፤ የሱንም የመሥሪያ ቤቱንም ስም ግን ትቼዋለሁ።

«ቲቸር፣ የምሠራበት ድርጅት የሁለት ወር ደመወዝ አልከፈለንም። የባንክ ዕዳው እንዲራዘምለት ደጅ እየጠና ነው። በዚሁ መሐል ደግሞ አዲስ ምርት ላስተዋውቅ ብሎ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ድግስ ሊደግስ ነው። እራት አለ፣ ሙዚቃ አለ፣ ቀይ ምንጣፍ አለ። የክፍያው ወረቀት ፊርማዬን እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። እርስዎ ክፍል ውስጥ ‹ይሄ ነገር የሆነ ቦታ፣ የሆነ ጊዜ ሆኖ ያውቃል› ይሉን ነበር። ይሄስ ሆኖ ያውቃል?»

ሆኗል እንጂ! ያውም እኔው በጆሮዬ እየሰማሁ ነው የሆነው።

ኖቬምበር 2008 ላይ ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ቾክ አስቀምጬ መሪ ከጨበጥኩ አራተኛ ዓመቴ ነው። የዚያች ከተማ ታክሲ ነጂ ሐበሻ እንደሚበዛበት ታውቃላችሁ፤ እኔም ከብዙዎቹ አንዱ ነበርኩ። መኪናዬ ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ናት። ነዳጅ እንደ ውሃ ትጠጣለች፣ ግን ዕድሜ ይስጣት፣ አላሳፈረችኝም። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ የአንድ ጋሎን ቤንዚን ዋጋ በአሜሪካ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ስለነበር፣ ሙሉ ቀን ነድቼ ግማሹን ለማደያ የማስረክብ ይመስለኝ ነበር። ተሳፋሪ ስጠብቅ የኮንግረስ ስብሰባ በቀጥታ የሚተላለፍበትን ጣቢያ እከፍታለሁ። የታሪክ መምህር ሱስ ነው፤ ምን ላድርግ።

ያን ሰሞን ሦስቱ የዲትሮይት አለቆች ኮንግረስ ቀረቡ። የጄኔራል ሞተርሱ ሪክ ዋጎነር፣ የፎርዱ አለን ሙላሊ፣ የክራይስለሩ ሮበርት ናርዴሊ። የመጡት 25 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሊጠይቁ ነው። ባንኮቹ ብድር መስጠት አቁመዋል፣ ሕዝቡ መኪና መግዛት አቁሟል፣ ካዝናው እየነጠፈ ነው። ካልረዳችሁን እኛ ብቻ አይደለንም የምንወድቀው፣ አገሪቱን ይዘናት ነው የምንወድቀው አሉ።

መልካም። ታዲያ እንዴት መጣችሁ? ተባሉ። ሦስቱም በየግል ጄታቸው ነበር የበረሩት። ከአንድ ከተማ፣ ወደ አንድ ከተማ፣ ለአንድ ጉዳይ፣ በሦስት አውሮፕላን! የኒው ዮርኩ ተወካይ ጋሪ አከርማን ነገሩን ለድኾች ሾርባ በሚታደልበት በር ላይ ቶክሲዶ ለብሶ፣ ረጅም ባርኔጣ ደፍቶ ከሚሰለፍ ሰው ጋር አመሳሰሉት። የካሊፎርኒያው ብራድ ሸርማን በበኩላቸው ከሦስታችሁ በመደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን የመጣ ካለ እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪዬ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁ በኋላ ግን አንጀቴ እርር አለ። «ሲያጌጡ ይመላለጡ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለነዚህ ሰዎች የተተረተ ነው የመሰለኝ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ፣ ጃንዋሪ 2009፣ የዲትሮይት ዓመታዊ የመኪና ትርኢት በሰዓቱ ተከፈተ። መብራቱ፣ ምንጣፉ፣ የሚሽከረከረው መድረክ፣ ሁሉም በቦታው። በዚያን ጊዜ ብትጠይቁኝ «ይዘጋ!» ነበር የምላችሁ። ዛሬ እንዲያ አልልም። ለምን ሐሳቤን እንደቀየርኩ ልንገራችሁ፤ ሐሳቤን ያልቀየርኩበትንም ጭምር።

*

መጀመሪያ ትርኢቱ ከየት እንደመጣ እንይ።

የዲትሮይት ትርኢት የተጀመረው በ1907 ነው፣ አንድ የቢራ መናፈሻ ውስጥ። የጀመሩት ፋብሪካዎቹ አይደሉም፤ የከተማው መኪና ሻጮች ናቸው። እስከ ዛሬም የትርኢቱ ባለቤት የዲትሮይት መኪና ሻጮች ማኅበር ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። ትርኢት ማለት በመሠረቱ ገበያ ነው። ሻጭ ዕቃውን ደርድሮ «ኑ እዩ» የሚልበት።

ገበያውን ወደ ቲያትር የቀየረው ሀብት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ የአሜሪካን የመኪና ገበያ ግማሽ ያህል ይዞ ነበር። «ሞቶራማ» የሚሉትን ድግስ የደገሰው ያን ጊዜ ነው። ከ1949 እስከ 1961፣ ከኒው ዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ሆቴል ጀምሮ በየከተማው፣ በሙዚቃና በጭፈራ የታጀበ የመኪና ሠርግ በሉት። ኮርቬት የምትባለው የስፖርት መኪና መጀመሪያ የታየችው ጃንዋሪ 1953 እዚያ ነው። ያኔ ድግሱ ማንንም አላስቆጣም። ደጋሹ ሀብታም ነበራ! ከራሱ ጎተራ ነው የቀዳው።

ዲትሮይት ውስጥ የዚህ ቲያትር ጣሪያ የነካው በ1992 ነው። ክራይስለር አዲሱን ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ሊያሳይ፣ ፕሬዚዳንቱ ቦብ ሉትስ መሪ ጨብጠው፣ የከተማውን ከንቲባ ኮልማን ያንግን ጎናቸው አስቀምጠው፣ ከፋብሪካው ተነስተው በከተማው ጎዳና አልፈው፣ የኮቦ አዳራሽን ደረጃ በመኪናው ወጡና የፊት ለፊቱን መስታወት ሰብረው ገቡ። መስታወቱ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ነበር። ጋዜጠኛው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ክራይስለር ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በ1991፣ 795 ሚሊዮን ዶላር ከስሮ ነበር። ሀብታም አልነበረም። ግን ያ መስታወት የተሰበረው ለእውነተኛ መኪና ነው። ግራንድ ቼሮኪ በገፍ ተሸጠ፤ ኩባንያውን ቀና ካደረጉት መኪኖች አንዱ እሱ ሆነ። ታዲያ ይሄ ማባከን ነው ወይስ ንግድ?

ከ16 ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 2008፣ ያው ክራይስለር አዲሱን የራም ፒክአፕ ሊያሳይ 120 ገደማ ረጃጅም ቀንድ ያላቸው የቴክሳስ ከብቶች በላም ጠባቂ ካውቦዮች አስነድቶ በመሐል ዲትሮይት አሳለፈ። በጥር ብርድ! አንዳንዶቹ ከብቶች በካሜራው ፊት እርስ በርስ መሳፈር ጀመሩና ጋዜጠኛው ከመኪናው ይልቅ እነሱን አወራ። አሥራ አንድ ወር ሳይሞላው ክራይስለር ኮንግረስ በር ላይ ነበር።

አንድ ኩባንያ፣ አንድ ከተማ፣ ሁለት ትርኢት። አንዱ አዳነ፣ አንዱ መሳቂያ ሆነ። ልዩነቱ የወጣው ገንዘብ ብዛት ላይ አይደለም፤ ከትርኢቱ ጀርባ ባለው ነገር ላይ ነው።

*

ወደ ብድሩ እንመለስ።

ከጄቱ ቅሌት በኋላ ሦስቱ ሰዎች ዲሴምበር ላይ ተመለሱ። በዚህኛው ዙር በመኪና ነው የመጡት። እያንዳንዳቸው ኩባንያቸው የሠራትን ሃይብሪድ ይዘው፣ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ዋጎነርና ሙላሊ የዓመት ደመወዛችን 1 ዶላር ይሁን አሉ። የተጠየቀው ገንዘብ ግን እስከ 34 ቢሊዮን ከፍ ብሎ ነበር! ትሕትናውም ትርኢት ነው እኮ፤ ያው የልመና ልብስ ነው የተቀየረው።

የደመወዟ ነገር አዲስ አልነበረችም። የክራይስለሩ ሊ አያኮካ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ያደረጉት ነው። ያኔም ክራይስለር ሊሞት ሲል መንግሥት እስከ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለሚሆን ብድር ዋስ ሆነለት፤ ፕሬዚዳንት ካርተር ሕጉን የፈረሙት ጃንዋሪ 1980 ነው። አያኮካ ራሳቸው ቴሌቪዥን ላይ ወጥተው መኪና ሸጡ፤ ዕዳውንም በ1983፣ ቀኑ ሰባት ዓመት ሲቀረው፣ ከፍለው ጨረሱ። ስለዚህ በ2008 የመጡት ሰዎች የሚከተሉት ምሳሌ ነበራቸው። መነጽሩን ወርሰው ዓይኑን አልወረሱም እንጂ።

የተወካዮች ምክር ቤት ዲሴምበር 10 የ14 ቢሊዮን ዶላር ሕግ አሳለፈ። በማግስቱ ማታ ሴኔት ውስጥ ወደቀ፤ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ የተገኘው 52 ነው። ዲሴምበር 19 ፕሬዚዳንት ቡሽ ለባንኮች ከተመደበው ገንዘብ ላይ ቀንሰው 17.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀዱ። 13.4ቱ ለጄኔራል ሞተርስ፣ 4ቱ ለክራይስለር። ከቅድመ ሁኔታዎቹ መካከል የግል ጄትን የመሰለ ቅንጦት ማስወገድ ይገኝበታል።

ፎርድ ያን ገንዘብ አልወሰደም። ጻድቅ ስለሆነ አይደለም፤ ቀድሞ ስለተበደረ ነው። በ2006፣ ባንክ ገና ብድር በሚሰጥበት ጊዜ፣ ሙላሊ ፋብሪካውን፣ የንግድ ምልክቱን፣ ያቺን ሰማያዊ ሞላላ አርማ ሳይቀር አስይዘው 23.6 ቢሊዮን ዶላር ወስደዋል። በኋላ በ2009 ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለመሥራት ከኢነርጂ መሥሪያ ቤቱ 5.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር አግኝቷል፤ እሱም መነገር አለበት። ግን ዲሴምበር 2008 ላይ ፎርድ ለተፎካካሪዎቹ ተሟግቷል። ለምን ቢባል ሦስቱም የሚገዙት ከአንድ መለዋወጫ አቅራቢ ነው። ጎረቤትህ ሲወድቅ ግድግዳህም ይወድቃል።

በዚህ መሐል ክራይስለር አንድ ነገር አደረገ። ገንዘቡ በተፈቀደ በቀናት ውስጥ በትልልቅ ጋዜጦች ላይ ሙሉ ገጽ ገዝቶ «አሜሪካ ሆይ፣ አመሰግናለሁ» አለ። በብድር ገንዘብ ምስጋና! ሰዉ «ምስጋናህን ተወውና ገንዘቡን አትርፈው» ብሎ ጮኸበት።

*

ትርኢቱ ታዲያ እንዴት ሆነ?

ከውጭ ያየው እንደ ወትሮው ነው። ውስጡን ያየው ግን ያለቀሰ ዓይን መሆኑን ያውቃል። ኒሳን፣ ሚትሱቢሺና ሱዙኪ ቀርተዋል። ጄኔራል ሞተርስ በትርኢቱ ዋዜማ ከታዋቂ ሰዎች ጋር የሚደግሰውን የፋሽን ምሽት ሰርዟል። ከዚያ በፊትም የሱፐር ቦውል ማስታወቂያውን ትቷል፤ ከጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ዉድስ ጋር የነበረውን ውልም አቋርጧል። ከብት የለም፣ የሚሰበር መስታወት የለም። ይልቁንስ የራሱን ሠራተኞችና ሻጮች በመቶዎች ሰብስቦ፣ አለን፣ አንጠፋም የሚል መልእክት ያለው ካርቶን አስይዞ፣ ከመኪኖቹ ጋር እየጨፈሩ እንዲያልፉ አደረገ። ሰልፍ ይመስል ነበር። የራሱን ለቅሶ በእልልታ የሚሸኝ ሰው አይታችኋል? እንደዚያ።

መድረኩ ላይ የታዩት መኪኖች ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ። ካዲላክ ኮንቨርጅ የምትባል በኤሌክትሪክ የምትሄድ የሙከራ መኪና አሳየ። ክራይስለር 200ሲ የምትባል ኤሌክትሪክ አሳየ። ሁለቱም በዚያ መልካቸው ገበያ አልወጡም። ቶዮታ ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ ሦስተኛውን ትውልድ ፕሪየስ አሳየ፤ እሱ ግን በየአገሩ ተሸጠ። እኔ ራሴ ክራውን ቪክቶሪያዬን አሰናብቼ የገዛሁት እሱን ነው።

በዚያው በጃንዋሪ ሌላም ዜና ወጣ። ቶዮታ በ2008 8.97 ሚሊዮን መኪና ሸጧል፤ ጄኔራል ሞተርስ 8.35 ሚሊዮን። ለ77 ዓመት የያዘውን የዓለም አንደኝነት ተነጠቀ። የዚያ ዓመት ኪሳራው 30.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሥራው ባሕርይ ልንገራችሁ። አዲስ መኪና ከሐሳብ እስከ ሽያጭ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በ2009 መድረክ ላይ የሚታየው የ2005 ውሳኔ ነው። ቤንዚን ርካሽ በነበረበት ጊዜ ትልልቁን መኪና ብቻ ያመረተ ሰው፣ ቤንዚን ሲወደድ በአንድ ሌሊት ትንሽ መኪና ሊወልድ አይችልም። ትርኢት የዛሬን ፊት ቢያሳይም የትናንትን ሥራ ነው የሚያጋልጠው። ኃጢአቱ ያለው ትርኢቱ ላይ አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በፊት የተዘጋ ክፍል ውስጥ በተደረገ ስብሰባ ላይ ነው።

*

አሁን ወደ ክርክሩ።

ያን ሰሞን ዲትሮይት አጠገብ ከሚኖር አንድ ወዳጄ ጋር ስልክ ላይ ተጣላን። ለመኪና ፋብሪካዎች ወንበር የሚሰፋ ድርጅት ውስጥ ነበር የሚሠራው። እኔ እንደ ልማዴ ጀመርኩ፦ «በእኔና ባንተ ግብር ይዘፍናሉ! ሰው ቤቱን እየተቀማ እነሱ ምንጣፍ ያነጥፋሉ!»

ዝም ብሎ አዳመጠኝና «ጋሼ፣ ትርኢቱ ቢቀር እኔ የምሰፋውን ወንበር ማን ያዝዛል?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስኪ አስቡት። በዚያ ወር የገዢው ፍርሃት ምን ነበር? «ኩባንያው ነገ ቢዘጋ የመኪናዬን ዋስትና ማን ይሸከማል? መለዋወጫ ከየት አገኛለሁ?» ነው። መኪና ዳቦ አይደለም፤ ገዝተኸው አሥር ዓመት አብረኸው ትኖራለህ። ሊሞት ነው ከተባለ ኩባንያ ማንም አይገዛም፤ ማንም ካልገዛው ደግሞ በእርግጥም ይሞታል። ስለዚህ ቆሞ መታየቱ ራሱ የመትረፊያው ግማሽ ነበር። በሩን ዘግቶ፣ መብራቱን አጥፍቶ የሚያለቅስ ነጋዴ ለዕዳው ቅነሳ ታማኝ ይመስል ይሆናል፤ ሽያጭ ግን የለውም። ደግሞ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ፤ ትርኢቱ የሻጮቹ ነው። አዳራሹን የሚሞሉት፣ ምንጣፉን የሚያነጥፉት፣ መብራቱን የሚሰቅሉት፣ ሳንድዊች የሚሸጡት የዚያችው የተጎዳች ከተማ ሰዎች ናቸው። ሚቺጋን ውስጥ በዚያ ዓመት ሥራ አጥነት ከ14 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በዚያ ቀውጢ ጊዜ እንኳ ከ600 ሺህ በላይ ሰው ትርኢቱን አይቷል። ከሕዝቡ ቀን በፊት ባለው ምሽት፣ ወንዱ ቶክሲዶ ሴቷ የማታ ቀሚስ ለብሳ የሚመጣበት ዝግጅት አለ፤ ብታዩት ትናደዳላችሁ። ግን ከ1976 ጀምሮ የመግቢያው ገንዘብ ለሕፃናት በጎ አድራጎት ነው የሚውለው። ቶክሲዶ ሁሉ አንድ አይደለም ለካ።

ስለዚህ ያ ወዳጄ ትክክል ነበር። እኔ ጄቱንና ትርኢቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ነበር የረገምኩት። ጄቱ አለቃውን ነው የሚያስደስተው፤ ጄቱ ቢቀር የሚጎድል አንድም መኪና የለም። ትርኢቱ ቢቀር ግን የሚጎድለው የወዳጄ እንጀራ ነው።

*

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አላለቀም።

ማርች 2009 መጨረሻ ላይ የኦባማ መንግሥት ዋጎነርን ከሥልጣን እንዲለቁ ጠየቀ፤ ለቀቁ። ክራይስለር ኤፕሪል 30 ኪሳራ አወጀና በፊያት እጅ ገባ። ጄኔራል ሞተርስ ጁን 1 ተከተለ። በ1908 ተመሥርቶ መቶኛ ዓመቱን ካከበረ ገና ዘጠኝ ወሩ! ከፍርድ ቤት ጁላይ 10 ሲወጣ ከአዲሱ ኩባንያ 60.8 በመቶው የአሜሪካ መንግሥት ንብረት ነበር። ፖንቲያክና ሳተርን ሞቱ፣ ሀመርም ቀረ፣ ሳብ ተሸጠ። የድሮው አክሲዮን ወረቀት ሆኖ ቀረ። ክራይስለር 789 ሻጮችን በአንድ ጊዜ አሰናበተ፤ ጄኔራል ሞተርስም ከሺህ ለሚበልጡት ውላችሁ አይታደስም ብሎ ጻፈላቸው። እነዚያ ትርኢቱን ሲያቆሙ የኖሩት ሻጮች!

በጃንዋሪ 2010 ትርኢት ላይ አፈ ጉባኤዋ ናንሲ ፔሎሲ ሌሎች እንደራሴዎችን አስከትለው አዳራሹን ጎበኙ። ባለንብረቱ ንብረቱን ሊያይ መጣ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማም በ2012 የዋሽንግተኑ ትርኢት ላይ ተገኝተው መኪኖቹ ውስጥ እየገቡ ተቀመጡ፤ በ2016 ደግሞ ዲትሮይት ሄዱ። ሽያጩም ተመለሰ። በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወርዶ የነበረው የአሜሪካ ዓመታዊ የመኪና ሽያጭ ከዓመት ዓመት ጨመረ። መንግሥት የመጨረሻውን የጄኔራል ሞተርስ አክሲዮኑን ዲሴምበር 2013 ሸጠ። በጠቅላላው 80 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ 70 ቢሊዮን ያህሉን መልሷል። የቀረው ከግብር ከፋዩ ኪስ ነው፤ የእኔ የታክሲ ገንዘብም ከዚያ ውስጥ አለችበት። ኩባንያዎቹ ተዘግተው ቢሆን ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር ውድ ነው አልልም።

ግን ሒሳቡ የተከፈለው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በ2007 በተፈረመው ስምምነት ለአዲስ ተቀጣሪ የነባሩን ግማሽ ያህል፣ በሰዓት 14 ዶላር ገደማ፣ መክፈል ተጀምሮ ነበር። ቀውሱ ያን እርከን አሰፋው። ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቆሞ፣ አንድ ዓይነት ብሎን አጥብቆ፣ ግማሽ ደመወዝ ይለያየዋል። ሠራተኞቹ በ2023 ሦስቱንም ኩባንያዎች ሲያድሙባቸው ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ይሄው እርከን ይነሳልን የሚል ነበር። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው።

ያ ወንበር ሰፊ ወዳጄስ? ክራይስለር ኪሳራ ሲያውጅ ፋብሪካዎቹን አቆመ፤ ፋብሪካው ሲቆም ወንበር የሚፈልግ የለም። ለጥቂት ሳምንት ነው ብለው ወደ ቤት ላኩት። አልጠሩትም። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣና ሌላ ስቴት ሄደ። ዲትሮይት ስትመለስ እሱ አልነበረም። አንዴ ስንጫወት «ትርኢቱስ ጥሩ ነበር፤ እኔ ነኝ ከመድረኩ የወረድኩት» ብሎኝ ሳቀ። ይቺ ቃል እስካሁን ትከነክነኛለች። ትርኢቱ ለሱ እንጀራ ብሎ ተከራከረልኝ፤ እንጀራው ሲቆረስ ግን ድርሻው አልደረሰውም።

*

አንድ ነገር ልጨምርና ልዝጋ።

በ2009ኙ ትርኢት ብዙዎቹ ከቀሩ በኋላ ባዶ የቀረው ወለል ለማን ተሰጠ መሰላችሁ? ዋናው አዳራሽ ውስጥ ቦታ ካገኙት መካከል ቢዋይዲ የሚባል የቻይና ባትሪ ሠሪ ነበረበት። ከወር በፊት ቻይና ውስጥ ከሶኬት የሚሞላ ሃይብሪድ መሸጥ ጀምሯል። ከዓመት በፊት የአሜሪካ ከብት ያለፈበት ከተማ ውስጥ ብልጭልጭ የሌለበት መድረክ ላይ መኪናውን ደርድሮ ቆመ። ብዙ ሰው ፈገግ ብሎ አለፈው። ዛሬ አዲስ አበባ ያላችሁ መስኮት ከፍታችሁ ጎዳናውን እዩ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከከለከለች ወዲህ ያ ፈገግ ተብሎ የታለፈው ስም በየመንገዱ ነው። ትርኢት ላይ የሚጮኸውን ብቻ ሳይሆን ጥግ የቆመውንም ማየት ነው።

አሁን ላንተ፣ ተማሪዬ። ፈርም ወይም አትፈርም አልልህም፤ ወንበሩ ላይ ያለኸው አንተ ነህ። ግን ብዕሩን ከማንሳትህ በፊት አለቆችህን ሁለት ነገር ጠይቅልኝ።

አንደኛ፣ ከመድረኩ ጀርባ ምን አለ? የሚሸጥ ዕቃ ካለ፣ በሚቀጥለው ወር ለደንበኛ የሚደርስ ከሆነ፣ ድግሱ የ1992ቱ መስታወት ሊሆን ይችላል። የሠራተኛውን ደመወዝም ሊያመጣ የሚችለው እሱው ይሆናል። የሚታየው ቀይ ምንጣፉ ብቻ ከሆነ ግን የ2008ቱ ከብት ነው። ባንኩም ድግሱን ያያል፤ የመዝናኛ ጉዳይ ነው ብሎ አያልፈውም።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የተቆረጠው የማን ነው? የአለቃው መኪና፣ አበልና ጉዞ ቀድሞ ተቆርጦ ከሆነ ሠራተኛው ድግሱን ይሸከመዋል። የተቆረጠው የጽዳት ሠራተኛዋ ደመወዝ ብቻ ከሆነ ግን የሙዚቃው ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ቁጣው ከፍ ይላል። እውነቱም ከሷ ጋር ነው። ያልተከፈለው የሁለት ወር ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከድግሱ ሰነድ ጋር አብሮ ይምጣልህ። እሱ ካልመጣ ፊርማህ የማን ዕዳ ላይ እንደሚያርፍ ታውቀዋለህ።

እኔ በ2008 በጄቱ ስናደድ ትክክል ነበርኩ። በትርኢቱ ስናደድ ግን ተሳስቻለሁ። ከሁለቱም በላይ መናደድ የነበረብኝ ወዳጄን ሳይጠሩት በቀሩ ጊዜ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሬዲዮው ስለሱ ምንም አላለም፣ እኔም ተሳፋሪ ጭኜ እየነዳሁ ነበር።

እናንተስ? እንዲህ ያለ ድግስ ያያችሁ፣ የደገሳችሁ፣ ወይ ወረቀቱ ጠረጴዛችሁ ላይ የመጣ አላችሁ? ስም ሳትጠሩ ጻፉልኝ፤ ተማሪዬም ያነባል። ፊርማው እስከ ዓርብ ነው ብሎኛል።

መልካም ሰንበት።